ድግስና ዕቃ፤ ስለ ዕዳ በመጻሕፍታችን የተሰጠው ፍርድ

ሽማግሌ ወጣትን የሚነቅፍበት ምክንያት በየዘመኑ ይለዋወጣል። የዛሬው ነቀፌታ ግን በአመዛኙ በአንድ ነገር ላይ ያረፈ ነው፤ ይኸውም «የአሁን ልጅ ያየውን ሁሉ መግዛት ይወዳል፤ ከሌለው ይበደራል፤ እኛ ግን በዐቅማችን ኖርን» የሚለው ነው። ይህ ቃል በማኅበር ጠበል፣ በዕድር ድንኳን፣ በሰርግ ዳስ ሳይቀር ይሰማል። ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረም እውነት መሆኑን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሽማግሌውን ወይም የወጣቱን ጠባይ አይደለም፤ ጠባይን መመርመር የንስሐ አባት ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ፣ በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ምን ፈረዱ፤ ፍርዳቸውስ የተስተካከለ ነውን? የሚል ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ በአንድ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው የወንድማቸውን ልጅ በዱቤ ማቀዝቀዣ ገዛ ብለው በሰው ፊት ይወቅሱት ነበር። «እኛ በቆረስነው እንጀራ ልክ ኖርን፤ ያልያዝነውን ገንዘብ አልበላንም» አሉት። ልጁም አንገቱን እንደ ደፋ፣ «ጋሼ፣ የአያታችንን ተዝካር ስታወጡ ስንት በሬ ተሸጠ? መሬቱስ ለስንት ዓመት በወለድ አገድ ተያዘ?» ሲል ጠየቃቸው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሱን የበላው አገር ነው፤ ያንተን ማን በላው?» ብለው መለሱ። በዚያ ቤት የነበርነው ሁሉ አንዳንዶቻችን ለሽማግሌው፣ አንዳንዶቻችን ለልጁ በልባችን ፈረድን። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለቱም ያነሡት ነገር በመጻሕፍታችን ውስጥ አስቀድሞ የተነሣ መሆኑን አስታወስሁ።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ነው። በዚህ መጽሐፍ አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በፓሪስ ስምንት ዓመት ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። አባቱ ሲሞት ዘመዶቹ እንደ አገሩ ልማድ ታላቅ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ይፈልጋሉ፤ እርሱ ግን ይህን የመሰለውን ወጪ አይቀበልም። ጋብቻውም ሲመጣ እንዲሁ ከልማድ ጋር ይጋጫል። አንባቢ ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ በዚህ መጽሐፍ ከዐቅም በላይ አታውጡ ብሎ የሚመክረው ከውጭ አገር የመጣው ወጣት፣ አውጣ ብሎ የሚያስገድደው ደግሞ የሽማግሌው ወገን መሆኑ ነው። ዛሬ በለቅሶ ቤት ከምንሰማው ክርክር ጋር ሲተያይ ሚናው ፈጽሞ ተገልብጧል።

ይህን የጻፉት ሰው ደግሞ ልማድን ለመናቅ የቸኮሉ ወጣት አልነበሩም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፉን ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት በላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የጠገቡ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ድግስን የነቀፉት ሃይማኖትን ለመንካት ሳይሆን ቤት ሲፈርስ ስላዩ ነው ማለት ይቻላል። በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት የሚደረገው ዝግጅት ለባለጸጋ መታሰቢያ ሲሆን፣ ለድኻው ግን የእርሻውን በሬ የሚያሳርድ፣ መሬቱንም ለአበዳሪ የሚያሲዝ ነበር። ወለድ አገድ በሚባለው ውል አበዳሪው በወለድ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ስለሚበላ፣ ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ የሚያገኝበትን ምንጭ አስቀድሞ ያጣል። ሙታንን ለማሰብ ተብሎ የሕያዋን እርሻ ይታገታል።

እንግዲህ «እኛ በዐቅማችን ኖርን» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ሲመዘን አይቆምም። አባቶች ተበድረዋል፤ የተበደሩትም ለድግስ ነው። ልጆችም ይበደራሉ፤ የሚበደሩት ግን ለዕቃ ነው። በሁለቱ ትውልድ መካከል ያለው ልዩነት በመበደርና ባለመበደር ሳይሆን ገንዘቡ በሚውልበት ነገር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ «አዲስ ዓለም» የሚነቀፍበት ነገር አለው። ደራሲው ገና ሲጀምሩ ለሰውየው «አወቀ» የሚል ስም በማውጣታቸው ፍርዱን ከክርክሩ አስቀድመው ሰጥተዋል። ስሙ ራሱ «ይህ ሰው ያውቃል፤ ሌሎቹ ግን አያውቁም» ይላል። አንባቢም የዘመዶቹን ቃል የሚሰማው እንደ ተረታ ወገን ቃል ነው። በለቅሶ ቤት የሰማሁት ሽማግሌ ግን «እሱን የበላው አገር ነው» ባሉ ጊዜ ቀላል የማይባል ክርክር አቅርበዋል። ድግስ የበላ ጎረቤት በበኩሉ ይደግሳል፤ በመከር ጊዜ በደቦ ይመጣል፤ ቤት ሲቃጠል እንጨት ይሸከማል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። በሰርግና በለቅሶ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» የሚለው ሰው ብድር ሲል የገንዘብን ዕዳ ማለቱ አይደለም፤ ለተደረገለት ወዳጅነት ምላሽ ማለቱ ነው። ስለዚህ ድግሱ ከፊሉ ብክነት፣ ከፊሉም በጎረቤት ልብ ውስጥ የተቀመጠ ተቀማጭ ነበር። ይህን ሚዛን ለአንባቢ አሳይተው ቢሆን ኖሮ የአወቀ ድል ይበልጥ በታመነ ነበር። የመጽሐፉ አማርኛ ጥሩ፣ አሳቡም የቀና ሳለ፣ ተቃዋሚው ወገን ሙሉ ድምፅ አለማግኘቱ ከልብ ወለድነት ይልቅ ወደ ስብከት አቅርቦታል።

ከድግስ ወደ ዕቃ ስንሻገር ደግሞ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እናገኛለን። ይህ መጽሐፍ የታተመው ጸሐፊው ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ዕቃ ገዢውን በቅንጦት አይሰድቡትም፤ ጥያቄያቸው ከዚያ የጠለቀ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን ቡና፣ ቆዳና ሰም ሰጥቶ ይለውጠዋል፤ በዚህ ለውጥም ላይ ሲኖር ሳይታወቀው ይደኸያል ይላሉ። እንግዲህ እንደ እርሳቸው አሳብ፣ አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ «ዐቅም አለህን?» ብሎ እርሱን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ «ይህን ዕቃ የሠራው ማን ነው? እኛስ ለምን አልሠራነውም?» ተብሎ አገር ይጠየቃል። ወጣቱን በማቀዝቀዣው የሚወቅሰው ሽማግሌ በትከሻው ላይ ያለው ጋቢ ሳይቀር ከውጭ በመጣ ድር የተሸመነ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ ትውልድ ሁሉ እኩል ተጠያቂ ነው። ከተጠቀሱት መጻሕፍት ሁሉ የዕቃን ነገር ከግል ነውር አውጥቶ በሒሳብ ያየው ይህ ነው፤ ስለዚህም ዛሬ ሲነበብ አላረጀም።

ሌላው መጽሐፍ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የታተመውም በ1958 ዓ.ም. ነው። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ብዙ ስለ ተባለ እዚህ አንመለስበትም። ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው የፊታውራሪ መሸሻና የባላገሮቹ ጠብ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ መታያ አምጡ ይላሉ፤ ባላገሮቹም በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ይላሉ። እዚህ ላይ ደራሲው፣ በቀጥታ ባይናገሩትም፣ «በዐቅም መኖር» የሚለውን ቃል ከሥሩ ይፈትኑታል። ፊታውራሪው ዱቤ አልገቡም፤ ከባንክም አልተበደሩም፤ ነገር ግን ክብራቸው የሚቆመው በሌላ ሰው ጎተራ ነው። በአበዳሪ ደብተር ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሁሉ በዐቅሙ ኖረ ሊባል አይችልም። አንድ ሰው ባለ ዕዳ ሳይባል ከዐቅሙ በላይ ሊኖር የሚችልበት ዘመን ነበር፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ገበሬው ነው። «አዲስ ዓለም» የጎደለውን ይህ መጽሐፍ ሞልቶታል፤ ፊታውራሪው የሚጠሉ ሳሉ ሙሉ ሰው ናቸውና፤ ይሉኝታቸውና ኩራታቸው እንዴት እንደሚያስገድዳቸው አንባቢ በዐይኑ ያያል።

ምናልባት ሽማግሌው በዚህ ሁሉ አይረቱም። «ስለ ድግሱ ይሁን እሺ፤ ዕቃን ግን እኛ ቆጥበን ነበር የምንገዛ» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጠባ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነገር ነው። ከ1965 እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሣንቲም ሲመነዘር ቆየ። ሃያ ዓመት ያህል ምንዛሪው ባልተነቃነቀበት ዘመን ያደገ ሰው፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ብር ነገም ብር መሆኑን ቢያምን አይፈረድበትም። የልጁ ዘመን ግን ሌላ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። 10,000 ብር ያስቀመጠ ልጅ በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ 10,000 ብር የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ደርሶ ይጠብቀዋል። የአባቱን ምክር በመስማቱ 2,300 ብር ጎደለበት ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለው ጊዜ ዛሬ ልግዛ የሚለውን ወጣት ሁሉ ትዕግሥት የለሽ ማለት ሒሳብ አለማወቅ ነው።

ይህን ስንል ግን ለወጣቱ ነጻ ፈቃድ መስጠታችን አይደለም። ከላይ ያለው ሒሳብ የሚረዳው ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ለገዛና ዕዳውን የሚከፍልበት ገቢ ላለው ሰው ነው። ያለውን ስልክ ባልንጀራው አዲስ ስለ ያዘ ብቻ በብድር የሚለውጠውን ሰው አይከላከልለትም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ምሳሌ ለዚህኛው አሁንም በቂ መልስ ነው።

የወጣቱን ፈተና የሚያከብደው ደግሞ የዕዳው መልክ መለወጡ ነው። የቀድሞው ባለሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይመለሱ» ብሎ በግድግዳው ላይ ይለጥፍ ነበር። ይህ ከአንድ መስመር ያልበለጠ ጽሑፍ ቀልድም ክልከላም ነው፤ ነገ የተመለሰው ደንበኛ ያው «ነገ»ን ያነባልና። የለጠፈው ባለሱቅ ራሱ ግን ለሚያውቀው ሰው ከደብተሩ ላይ ይጽፋል። ተበዳሪውም በዚያ ሱቅ በር ባለፈ ቁጥር ዕዳው ትዝ ይለዋል፤ እፍረቱ ልጓም ይሆነዋል። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር በስልክ የሚሰጥ ብድር ሲጀምር ለአገልግሎቶቹ «መላ»፣ «እንደ ኪሴ»፣ «ሳንዱቅ» የሚሉ ስሞች ወጡላቸው። የሥነ ጽሑፍ ሰው እንደ መሆናችን ስሞቹን እንደ ጽሑፍ ልናነባቸው ይገባናል። «ሳንዱቅ» የሚለው የቁጠባ ስም የአያቶቻችንን ሣጥን ያስታውሳል፤ መልካም ስም ነው። «እንደ ኪሴ» ግን ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ ብድር ነው። «እንደ» የምትለው ቃል ብልህ ናት፤ ኪሴ ነው አላለችም፤ ኪሴ አይደለም አላለችም። ችግር የገጠመውን ሰው ያለ እፍረትና ያለ አማላጅ የሚረዳ አገልግሎት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይመለስም፤ «እንደ ኪስ» ከሆነው የወጣው ግን ይመለሳል። «አወቀ» የሚለው ስም በአንባቢው ፋንታ እንደ ፈረደ ሁሉ፣ ይህኛውም ስም በተበዳሪው ፋንታ ያስባል። ቋንቋን መጠበቅ ሥራው የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳያስተውል ማለፍ የለበትም።

ሕግ በበኩሉ አበዳሪን ሲገድብ ኖሯል። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ፣ ወለዱ በውል ሳይወሰን ቢቀር ደግሞ 9 በመቶ እንዲሆን ደነገገ። ሕግ አውጪው ተበዳሪውን ብቻ አልገሠጸም፤ አበዳሪውንም ጠየቀ። ደራሲዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ተበዳሪው ነው። በመድረክና በሬዲዮ የሚቀርቡት አጫጭር ድራማዎች በዱቤ ሱፍ የለበሰውን ጎረምሳ መሣቂያ ያደርጉታል፤ አበዳሪው ግን በመጨረሻው ትዕይንት በር ሲያንኳኳ ብቻ ይታያል። ደሞዙ ስንት ነው? የቤት ኪራዩስ? ብድሩ ሲጀመር ስንት ነበር፤ አሁንስ ስንት ደረሰ? እነዚህ ቁጥሮች ስለማይነገሩ ተመልካቹ ስቆ ይወጣል እንጂ ተምሮ አይወጣም። ዱቤ የሚጽፍ ባለሱቅ ደብተር የአንድ ሠፈርን ሕይወት በሙሉ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ማን በወር መጨረሻ ዘይት እንደ ወሰደ፣ ማን ለልጁ ደብተር ብሎ እንደ ተበደረ፣ ማን ሳይከፍል ሠፈር እንደ ለቀቀ ተጽፎበታል። እንዲህ ካለው ደብተር የሚነሣ ልብ ወለድ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ለደራሲ የሚሆን ሌላ ጉዳይ ደግሞ ዕቁብ ነው። ሁለቱ ትውልዶች የሚከራከሩበትን ነገር ዕቁብ በአንድ ክብ አስማምቶ ይዞታል። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል ሲያዋጡ፣ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው፤ ዋስ ጠርቶ ወስዶ አሥራ አንድ ወር ይከፍላል። የመጨረሻው ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ አሥራ አንድ ወር አስቀምጦ በአሥራ ሁለተኛው ይወስዳል። በመካከል ያሉት ከፊል ተበዳሪ፣ ከፊል ቆጣቢ ናቸው። ወለድ የለም፤ ዳኛና ጸሐፊ ግን አለ። ዕዳውም እንደ ድግሱ በጎረቤት ፊት ነው፤ ገንዘቡ ግን እንደ ልጁ ማቀዝቀዣ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ዕድለኛ ነኝ ብሎ የሚስቀው የመጀመሪያው፣ ቅር ብሎት የሚሄደው የመጨረሻው ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ቅሬታው እውነተኛ መሠረት አለው። ከዚህ የተሻለ የተውኔት መነሻ አይገኝም።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያን ወጣት ሠፈሩ ውስጥ አገኘሁትና ስለ ማቀዝቀዣው ጠየቅሁት። ስድስት ወር እንደ ቀረው ነገረኝ። ከጎረቤት ያሉ የስኳር በሽታ ያለባቸው አንዲት እናት በመርፌ የሚወስዱትን መድኃኒት እዚያው እንደሚያስቀምጡም ጨምሮ ነገረኝ። አጎቱ ይህን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቀው «አልነገርኋቸውም» አለ። ለምን እንዳልነገራቸው አላስረዳኝም፤ እኔም አልጨቀጨቅሁትም። ነገር ግን «ያንተን ማን በላው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይኖረው ዝም እንዳላለ ገባኝ።

እንግዲህ ስለ ዕዳ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሽማግሌውን ጥያቄ ይዞ ቢነሣ መልካም ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነውና። ስሕተታቸው ልጁን መጠየቃቸው አይደለም፤ መልሱን ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነው። ያን ጥያቄ ግን ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለተዝካሩም፣ ለፊታውራሪውም፣ ለአበዳሪውም እኩል ማቅረብ ይገባል። ማን በላው? ከማን ጎተራ ወጣ? በሬው ሳይሸጥ ይከፈላልን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ የመጀመሪያውን መንገድ ጠርገዋል፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሒሳቡን አስተምረዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የሰውን መልክ አሳይተዋል። የዛሬው ደራሲ ሦስቱን አስተባብሮ የራሱን ዘመን ዕዳ ቢጽፍልን፣ አባትና ልጅ በለቅሶ ቤት ሲገናኙ ከመወቃቀስ ይልቅ ደብተራቸውን ገልጠው ይነጋገሩ ይሆናል።